ጉንዳን የወረረው ሸሚዝ

ግንበኛው የሞተው ራሱ በሠራው ደረጃ ሥር ነው። ደረጃው መደገፊያ ገና አልተበጀለትም፤ ሲሚንቶው ከደረቀም ሳምንት አልሞላው። ሰውየው በጀርባው ተንጋሎ፣ ያላለቀ ሥራ እንደሚገምት ሰው ዓይኑን ጣሪያው ላይ ተክሎ ነበር።

መርማሪዋ የደረሰችው ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ነው። ጣቢያ ውስጥ «መርፌ» ነው የሚሏት። ቅጥነቷ አንድ ነገር ሆኖ፣ ሌላው ጣቱን በማያስገባበት ቀዳዳ ስለምትገባ ነው፤ ስትገባም ትወጋለች።

«ያለቀ ነገር ነው» አለ ቀድሟት የደረሰው ፖሊስ። «ሰካራም ነበር። ጠጣ፣ ወደቀ፣ ሞተ።»

«በሦስት ቃል ካለቀ እኔን ምን ትሠራ ብላችሁ ጠራችሁኝ?»

«እህቱ አስቸገረችና። እዚሁ ቤት ምግብ አብሳይ ናት። ጠጥቶ ከሆነ የትም ቅበሩት፣ ሬሳውን አልረከብም ትላለች። ካልጠጣ ደግሞ ትረከባለች። ምን ብለን እንመልስላት?»

መርማሪዋ ተንበረከከች። ሸሚዙ ላይ ከአንገትጌው እስከ ደረቱ ቡናማ ነገር ፈሶበት ገና እርጥብ ነው። ከግድግዳው ስንጥቅ የወጣ የጉንዳን ሰልፍ ወለሉን አቋርጦ፣ ትከሻውን ወጥቶ፣ አንገትጌው ላይ ይርመሰመሳል። ከሟቹ ፊት ይልቅ ጉንዳኖቹን ረዘም ላለ ጊዜ አየቻቸው። ቀጥላ በቀኝ እጁ አጠገብ፣ የሲሚንቶ ብናኝ ላይ፣ አንድ ክብ ምልክት አገኘች።

«እዚህ ቆሞ የነበረውን ማን አነሣው?»

«እኛ ስንመጣ ምንም አልነበረም።»

«ነበረ እንጂ። አቧራ አይዋሽም።» ተነሥታ ጉልበቷን አራገፈች። «ሬሳውን ወደ ሆስፒታል ላኩ። ሐኪሙ አፉን አይቶ ዛሬውኑ ይደውልልኝ።»

ቤቱ ጎዳና ላይ የኖሩ ሰዎች መጠጥና ማስቲሽ እንዲተዉ የሚረዳ የአንድ አነስተኛ በጎ አድራጎት ማኅበር ነው። የቆመው በሰፈሩ ትከሻ ነው፤ ዳቦ ቤቱ ያደረ ዳቦ ይልካል፣ ልብስ ሰፊው ብርድ ልብስ ይጠግናል፣ ቀለም ሻጩ ደግሞ ለኋለኛው ክፍል ማደሻ ቀለምና ቲነር አምጥቶ አራግፏል። በመጪው እሑድ እነዚህ ደጋፊዎች ሁሉ ተጋብዘዋል።

ቤቱ የራሱ ሥርዓት አለው። አዲስ ገቢ የመጨረሻ ጠርሙሱን ያስረክባል፤ ቁጥር ታስሮበት መጋዘን ይገባል። መቶ ቀን ሳይቀምስ ከቆየ ጠርሙሱን በሰው ሁሉ ፊት በገዛ እጁ ቱቦ ውስጥ ይደፋና ይጨበጨብለታል። በመካከል የወደቀ ሰው ማለዳ በሚደረገው ስብሰባ በራሱ አፍ ከተናገረ ከቀን አንድ ይጀምራል። ደብቆ የተገኘ ግን በሩ ያው ነው። ግንበኛው ዘጠና አራተኛ ቀኑ ላይ ነበር።

የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ የቀሩት ነዋሪዎች ለምርመራ ጤና ጣቢያ ሄደዋል። ግቢው ውስጥ ከሟቹ ሌላ የነበሩት አራት ናቸው፦ መሥራቿ፣ ነርሷ፣ መካሪውና የሟቹ እህት።

ሁሉም «እትዬ» የሚሏት መሥራች ስድሳ ያለፋት ጡረተኛ አስተማሪ ናት። አፍንጫዋ ቀልቶ፣ መሐረቧን ጨብጣ፣ ቢሮዋ ውስጥ ተቀምጣ ነበር።

«እሑድ እንግዶች አሉብን» አለች፣ ገና ሳትጠየቅ። «ሥራ ላይ አዳልጦት ወደቀ። እንዲያ ቢጻፍ ማንን ይጎዳል?»

«ከሬሳው አጠገብ ያነሡትን ይስጡኝና እሱን እንነጋገራለን።»

«ምን አነሣሁ?»

«እትዬ፣ ጫማዎ ላይ ሲሚንቶ አለ። የመሳቢያዎ እጀታም ላይ አለ። አስተማሪ ነዎት አሉ፤ ተማሪ ሲዋሽዎት እንዴት ነበር የሚያደርግዎት?»

መሥራቿ ለጥቂት ጊዜ መሐረቧን አጠፈች፣ ዘረጋች። ከዚያ መሳቢያውን ከፍታ ግማሹ የጎደለ የኮኛክ ጠርሙስ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። አንገቱ ላይ ቁጥር የተጻፈበት ካርቶን ተንጠልጥሏል።

«የራሱ ጠርሙስ ነው» አለች ድምፅዋ ተዘግቶ። «ከመጋዘን ሰርቆ ነው የጠጣው። ጠጥቶ ሞተ ከተባለ ሰፈሩ ዓይናችሁ ላፈር ይለናል። አሥራ ሰባት ሰው ይዤ የት ልግባ?»

«ሲያነሡት ሸተተዎት?»

«በዚህ ጉንፋን? አራት ቀኔ ነው። ነጭ ሽንኩርት አፍንጫዬ ሥር ቢወቅጡ አልሰማም። ጠርሙሱን አየሁ፣ ደነገጥኩ፣ ሸሸግሁት።»

መርማሪዋ ቡሹን ነቅላ ጠርሙሱን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች። መልሳ ዘጋችው። መሥራቿ ፊቷን ብታጠናውም ምንም አላነበበችበትም።

መካሪውን ያገኘችው ወጥ ቤት ውስጥ፣ ጀርባውን ለምድጃው ሰጥቶ ሲጠብቃት ነው። ምድጃው ላይ ባቄላ ተጥዷል። ሰውየው ሠላሳ ዓመት አይሞላውም፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ጎዳና ላይ ማስቲሽ ሲስብ አድጎ፣ አምስት ዓመት ንጹሕ የሆነ። የማኅበሩ ወረቀት ላይ ሁሉ የሚታየው የሱ ፎቶ ነው፤ ነዋሪዎቹ ሲቀልዱበት «ፖስተር» ይሉታል። በር ላይ ቆሞ የሚገባውን ሁሉ «ተንፍስ!» እያለ ትንፋሹን የሚያሸተውም እሱ ነው።

«ያገኘሁት እኔ ነኝ» አለ። «ዘጠኝ ተኩል ላይ። ምን ልበልዎት፣ ገና ከበሩ ስገባ ነው የመጠጡ ሽታ አፍንጫዬን የመታኝ። ወዲያው ገባኝ።»

«ታሳዝናለህ። ወዳጅህ ነበር?»

«ወንድሜ ነበር እንጂ! እዚህ ሁላችንም…» አንገቱን ነቀነቀ። «ጠርሙሱስ ተገኘ?»

«የምን ጠርሙስ?»

«ያው…» ፈገግ አለ። «ያለ ጠርሙስ የሰከረ ሰው አይተው ያውቃሉ?»

መርማሪዋ አልሳቀችም። አፍንጫዋ ከተሸበሸበ ቆይቷል፤ ዓይኗ ከሱ ትከሻ ባሻገር ነበር። እሱ ስለ እሑዱ ንግግሩ ማውራት ጀመረ። ሁለት ገጽ ጽፏል። ሁለተኛው ገጽ ላይ ሊደርስ ሲል የጓሮው በር ተበርግዶ የሟቹ እህት እየሮጠች ገባች።

«ባቄላው! ምን ዓይነት ሰዎች ናችሁ!» ድስቱን በቀሚሷ ጫፍ ይዛ አወረደችው። «ልብስ ከማሰጣበት ከግቢው ማዶ ሸቶኝ መጣሁ፤ አንተ እዚህ ላዩ ላይ ተጎልተህ ዝም ትላለህ?»

«ወሬ ይዞኝ ነው፣ እህቴ» አለ መካሪው ሳቅ ብሎ።

«አንተን ወሬ ያልያዘህ ቀን መቼ አለ!»

መካሪው ሲወጣ መርማሪዋ በሩን ዘጋች። እህትየዋ ያረረውን ድስት መፋቅ ያዘች። ዓይኗ ደረቅ ነው። እንዲህ ያለ ሰው መርማሪዋን አይከብዳትም፤ የሚከብዷት የሚንሰቀሰቁት ናቸው።

«ምሳ ላይ ተጣልታችኋል ይባላል።»

«ማን አሳበቀ? ነርሷ ናት። አዎ፣ ተጣልተናል።» ማንኪያው ድስቱን ቧጨረ። «መጥቶ እዚህች ጋ ቆመና፣ ‹አንድ ሰው ተደብቆ ቢወድቅ፣ ያውም ውለታው ያለብሽ ሰው ቢሆን፣ ዝም ትይዋለሽ?› አለኝ። እኔ ሞኝ ነኝ? ‹ሰው› የሚለው ራሱን ነው። ሦስት ጊዜ ጎዳና ወድቆ ሦስት ጊዜ አንሥቼዋለሁ። ‹ወድቀህ ከሆነ ከእንግዲህ እህቴ እንዳትለኝ› አልኩት።»

«እሱስ ምን አለ?»

«ምንም። ሳቀና ሄደ።» ማንኪያውን ወረወረችው። «አንቺ እኔን ስታስለፈልፊ ያንን አንድ ነገር አትነግሪኝም። ጠጥቷል፣ አልጠጣም?»

«ሳላረጋግጥ አልነግርሽም።»

«ካረጋገጥሽ በኋላ ደግሞ እንዳታለባብሺልኝ።»

መጋዘኑ ከነርሷ ክፍል ቀጥሎ ነው። ቁልፉ ኮሪደሩ ላይ ሚስማር ላይ ተንጠልጥሎ ይውላል፤ ማንም ያነሣዋል። መደርደሪያው ላይ ቁጥር የታሰረባቸው ጠርሙሶች ቆመዋል። መርማሪዋ አንዱን ከፍታ አሸተተች። ሁለተኛውን። ሦስተኛውን። ነርሷ በር ላይ ቆማ ጥፍሯን ትነክስ ነበር።

«ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል» አለች መርማሪዋ። «እዚህ ቤት ግን ብቅል የለም፤ አንቺው አውጪው።»

«ለእትዬ አይነገርብኝ።»

«ቃል አልገባም። ቀጥይ።»

ነርሷ ከኋላዋ በሩን ገፋ አደረገች። «የዛሬ ሁለት ዓመት አንድ ነዋሪ መጋዘኑን ሰብሮ ሦስት ጠርሙስ ጠጥቶ ከሞት ነው የተረፈው። ከዚያ ወዲህ የሚገባውን ጠርሙስ ሁሉ ደፍቼ፣ ነጩን በውኃ፣ ቡናማውን ባሳረርኩት ስኳር ውኃ እሞላዋለሁ። እትዬ ግን በመቶኛው ቀን ያ ጠርሙስ ሲደፋ ያለቅሳሉ። የሚያለቅሱለት ስኳር ነው ብዬ እንዴት ልንገራቸው?»

«ሲደፉት የሚያሸት የለም?»

«ፊታቸውን አዙረው ነው የሚደፉት፤ ይፈሩታላ! ሁለት ሰዎች ብቻ ነቅተውብኛል። አቅፈውኝ ዝም አሉ። እነሱም ከወጡ ቆዩ።»

«አሁን እዚህ ካሉት ማን ያውቃል?»

«እኔና እግዜር።»

«እግዜርን ለጊዜው እንተወው። ከዘጠኝ እስከ ዘጠኝ ተኩል የት ነበርሽ?»

«ክፍሌ። ፋሻ እጠቀልል ነበር። በሩ ገርበብ ብሏል፤ ኮሪደሩ ላይ የሰው እርምጃ ሁለት ጊዜ ሰምቻለሁ። ቀና ብዬ አላየሁም።»

መጨረሻ ላይ መርማሪዋ የቀለሙን ክፍል አስከፈተች። ቁልፉ ያለው ሁለት ሰው ዘንድ ብቻ ነበር፤ አንዱን ከግንበኛው ኪስ አገኙት፣ ሌላው መካሪው ዘንድ ነው። የቀለም ጣሳዎቹ አንዳቸውም አልተከፈቱም፤ ልስኑ ገና አላለቀም። አንዱ የቲነር ጀሪካን ግን ከግማሽ በታች ነው። ጎኑ ላይ በግንበኛ እርሳስ የተሰመሩ አምስት መስመሮች አሉ፤ በእያንዳንዳቸው አጠገብ ቀን ተጽፏል። እየወረዱ፣ እየወረዱ። ከጣሳዎቹ ጀርባ ደግሞ አፉ በተቆረጠ የፕላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ የተጎሰጎሰ፣ በቲነር የራሰ ጨርቅ ተደብቋል።

ስልኳ ጮኸ። ሐኪሙ ነው። አዳመጠች፣ አንድ ጊዜ ብቻ «እርግጠኛ ነህ?» ብላ ጠየቀች፣ ዘጋች።

አሥራ አንድ ተኩል ላይ አራቱንም የመመገቢያው አዳራሽ ሰበሰበቻቸው። ፖሊሱ በሩን ይዟል። መርማሪዋ አልተቀመጠችም።

«ብዙ አላወራም። መጀመሪያ ነገር፣ ጉንዳን ኮኛክ አይወድም። የሟቹን ሸሚዝ ግን ወሮታል። ስለዚህ የፈሰሰበት ነገር መጠጥ አልነበረም፤ ጣፋጭ ነበር። ያሳረሩት ስኳር።»

ነርሷ አንገቷን ደፋች። መርማሪዋ የመጋዘኑን ምሥጢር በሁለት ዓረፍተ ነገር ተናገረች። መሥራቿ ወደ ነርሷ ዞረች።

«ሰውየው ስኳር ውኃ ጠጥቶ አልሰከረም። እንዲያውም አልጠጣም፤ ሐኪሙ አፉ ውስጥ ምንም አላገኘም። ሌላ ሰው ነው ሸሚዙ ላይ ያፈሰሰበት፣ ሰክሮ ወደቀ እንዲባል። ያ ሰው ጠርሙሱ ውስጥ ያለው እውነተኛ ኮኛክ መስሎታል። እንግዲህ ነርሷ አይደለችም፤ ራሷ የሞላችውን ስኳር መጠጥ ነው ብላ አትሳሳትም።»

«ማንም ሊሳሳት ይችላል» አለ መካሪው።

«ሲከፍተው ያሸተዋላ! ግማሽ ጠርሙስ ኮኛክ ሲፈስ ክፍሉ ይሸታል። አፍንጫ ያለው ሰው ወዲያው ‹ይኼ ነገር ምንድነው?› ብሎ ይደነግጣል። ስለዚህ የምፈልገው አፍንጫው የማይሠራ ሰው ነው።»

የሁሉም ዓይን ወደ መሥራቿ መሐረብ ሄደ። አሮጊቷ ወንበሩን ጨበጠች። «እኔን ነው? እኔ ልጆቼን…»

«እርስዎ ጠርሙሱን ደብቀዋል፣ እትዬ። ሰክሮ ሞተ ለማሰኘት ጠርሙስ ያቆመ ሰው መልሶ አይሸሽገውም። የእርስዎ ጥፋት ሌላ ነው፤ እሱን ከራስዎ ጋር ይጨርሱት። እህትየዋም አይደለችም፤ ያረረ ባቄላ ከግቢ ማዶ ይሸታታል።» ወደ መካሪው ዞረች። «አንተ ግን ምድጃው ሥር ተቀምጠህ አልሸተተህም። የስኳር ውኃው ደግሞ ከበር ጀምሮ እንደ ኮኛክ መታህ።»

«ደንግጬ ነበር። ሰው ሲደነግጥ የመሰለውን ይላል።»

«ይሁን። እንፈትሽ።» ሁለት ኩባያ ከፊቱ አስቀመጠች፤ በሁለቱም ቡናማ ነገር አለ። «አንዱ ቀዝቃዛ ቡና ነው። ሳትቀምስ፣ አሽትተህ ብቻ የቱ እንደሆነ ንገረኝ።»

መካሪው አንዱን አነሣ፣ ሌላውን አነሣ። በኩባያዎቹ ጠርዝ ላይ የሰዎቹን ፊት አንድ በአንድ ቃኘ። ትንፋሽ እንደሚያሸት ሰው ዓይኖቹን ጠበብ አድርጎ ግራውን ወደ ፊት ገፋ አደረገ። «ይኼ ነው።»

«ሁለቱም ውስጥ ቡና የለም» አለች መርማሪዋ።

 መሥራቿ ወደ መካሪው ዞረች።

«ልጄ፣ በር ላይ ቆመህ ‹ተንፍስ› ስትል… አምስት ዓመት ሙሉ ማንን ነው ያሸተትከው?»

«ዓይናቸውን ነው የማየው፣ እትዬ» አለ ቀስ ብሎ። «ከዓይናቸው ይታወቃል። አፍንጫዬን ማስቲሹ የበላው ገና ልጅ ሳለሁ ነው። ብነግርዎት ሥራውን ይሰጡኝ ነበር?»

«ግንበኛው ግን ሌላም ነገር ያውቅ ነበር» አለች መርማሪዋ። «ቲነሩ ሲጎድል አይቶ አምስት ቀን መስመር አሰመረበት። ቁልፉ ያለው እሱና አንተ ዘንድ ነው። እንደገና መሳብ ጀምረሃል። እሱስ ምን አለህ?»

«ከእሑድ በፊት በስብሰባው ላይ ተናገር አለኝ።» መካሪው ጠረጴዛውን እያየ ነበር። «‹ካልተናገርክ እኔ እናገራለሁ፤ ከቀን አንድ ብትጀምር ማን ይሥቅብሃል?› አለኝ። ማን ይሥቅብሃል! ፎቶዬ በየሱቁ ተለጥፎ? ሊያቅፈኝ እጁን ዘረጋ። ገፋሁት። መግፋት ብቻ ነው፣ እምላለሁ። ደረጃው መደገፊያ የለውም። ወዲያው ሞተ።»

«ወዲያው አልሞተም። ሐኪሙ ግማሽ ሰዓት ያህል ኖሯል ይላል።»

«አልተንቀሳቀሰም…»

«ጠርሙስ ልታመጣ ስትሄድ በነርሷ በር አልፈሃል። ይዘህ ስትመለስም አልፈሃል። በሩ ገርበብ ያለ ነበር። አንድ ቃል ብትጮህ ፋሻ በእጇ ነበር።» ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «ሸሚዙ ላይ ስታፈስበት ይተነፍስ ነበር።»

ነርሷ እጇን አፏ ላይ ጫነች።  ፖሊሱ መካሪውን ክንዱን ይዞ ሲያስወጣው መሥራቿ ተከትላው እስከ በሩ ሄደች፣ በሩ ላይ ቆመች፣ ተመለሰችና የማንም ዓይን በሌለበት ጥግ ተቀመጠች። ነርሷ ከጎኗ ሄዳ ተቀመጠች። 

እህትየዋ ከወንበሯ አልተነሣችም።

«እንግዲያው አልጠጣም።»

«አልጠጣም።»

«ያ የጠየቀኝ ነገርም ስለ ራሱ አልነበረም።»

«አልነበረም።»

ሴትየዋ መዳፏን አየች፤ ጥላሸቱ አልለቀቀም። «ሰክሮ ቢሆን ይሻለኝ ነበር» አለች። «ተናድጄ እኖር ነበር። ንዴት አውቅበታለሁ፣ ለምጄዋለሁ። ይኼን ግን ምን ላድርገው?»

መርማሪዋ የመኪናዋን ቁልፍ ከኪሷ አወጣች። «የሬሳ ክፍሉ አስረካቢ እስከ አንድ ሰዓት ይቆያል። መኪናዬ ውጭ ናት። መታወቂያሽን ያዢ።»

እህትየዋ ሽርጧን ፈትታ ወንበሩ ላይ ጣለችው። ግቢውን አቋርጠው መኪናው ጋ ሲደርሱ፣ እጇን የበሩ እጀታ ላይ አድርጋ ቆመች።

«ፊቱን ያሳዩኛል?»

«ከፈለግሽ።»

«እፈልጋለሁ» አለች። «ምሳ ላይ ሲያናግረኝ ቀና ብዬ አላየሁትም።»